የሲቪል ጠመንጃና ወታደራዊ የምርት ደረጃ፦ ከግዢ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሕግ አግባብ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ያላቸው ወይም ፈቃድ ለመጠየቅ ያሰቡ ዜጎች፣ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት “የሲቪል” እና “የወታደር” የሚባሉት ጠመንጃዎች በእርግጥ በምን እንደሚለያዩ እንዲረዱ ማስቻል ነው። ጉዳዩ በመላው አገሪቱ የሚነሣ ቢሆንም እዚህ በአብዛኛው ምሳሌ የሚደረገው የጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በተለይም የጣቁሳ ወረዳ ዋና ከተማ ደልጊ ነው። ወረዳው በምሥራቅ ሐይቁን፣ በምዕራብ ቋራን ይዋሰናል። ከሐይቁ ዳር እስከ ቆላው ባለው አገር ጠመንጃ የቤት ንብረት፣ የክብር ምልክትና የመንጋ መጠበቂያ ሆኖ ለብዙ ትውልድ ቆይቷል።

በዚህ አካባቢ ስለ ጠመንጃ ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማሞገሻ “ኦርጅናል የወታደር ነው” የሚለው ነው። ገዢው ይህን ቃል አምኖ የጥሩ በሬዎችን ዋጋ ያህል ገንዘብ ሊከፍል ይችላል። ቃሉ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ያጨፈልቃል፤ እነርሱም መሣሪያው የተሠራበት የጥራት ደረጃ፣ መሣሪያው ዛሬ የሚገኝበት ሁኔታ እና በሕግ የሚመደብበት ወገን ናቸው። ሦስቱ ሳይለዩ የተፈጸመ ግዢ ገንዘብን፣ ነጻነትን ወይም አካልን ሊያሳጣ ስለሚችል እያንዳንዱን ለየብቻ መመልከት ያስፈልጋል።

ሕጉ ስለ ግዢ የሚለው

በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ማንኛውም ሰው ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ወደ አገር እንዳያስገባ፣ እንዳያመርት፣ እንዳይገዛ፣ እንዳይሸጥ፣ እንዳያጓጉዝና እንዳያከማች ይከለክላል። መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ቀድሞ በግለሰቦች እጅ የነበሩ መሣሪያዎች የሚመዘገቡበትን ሥርዓትም ደንግጓል። ቁጥጥሩ በፌዴራል ደረጃ የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን፣ በክልል ደረጃ ደግሞ በውክልና የክልል ፖሊስ ተግባር ነው። ስለዚህ ደልጊ ላይ የሚኖር አመልካች የመጀመሪያ ጥያቄውን ማቅረብ ያለበት ለሻጭ ሳይሆን ለወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ነው።

ኢትዮጵያ የናይሮቢ ፕሮቶኮል ፈራሚ ናት። በታላላቅ ሐይቆች አካባቢና በአፍሪካ ቀንድ የአነስተኛና ቀላል የጦር መሣሪያዎችን ሥርጭት ለመቆጣጠር በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. የተፈረመው ይህ ስምምነት፣ አባል አገሮች አውቶማቲክና ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች፣ መትረየሶችና ቀላል የጦር መሣሪያዎች በሲቪሎች እጅ እንዳይያዙ እንዲከለክሉ ይጠይቃል። የመለያ ምልክትን መፋቅ፣ ማጥፋትና መለወጥንም በወንጀልነት እንዲደነግጉ ያዛል። እዚህ ላይ አንባቢው ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሻጩ እንደ ምስጋና የሚያቀርበው “የወታደር” የሚለው ቃል በሕግ ዓይን የጥራት ምስክርነት ሳይሆን የመገደብ ምክንያት ነው። አንድ መሣሪያ በወታደራዊ ደረጃ በተሠራ ቁጥር፣ በተለይም ተከታታይ ተኩስ የሚተኩስ ከሆነ፣ ለግለሰብ ሊፈቀድ የመቻሉ ዕድል እየጠበበ ይሄዳል። ስለሆነም ፈቃድ የሚሰጥበት የመሣሪያ ዓይነት የትኛው እንደሆነ ከተቆጣጣሪው አካል በጽሑፍ ሳይረጋገጥ ቀብድ መስጠት አይመከርም።

ወታደራዊ የምርት ደረጃ ሲባል ምን ማለት ነው

ወታደራዊ ደረጃ ማለት በመሠረቱ የውል ሰነድ ነው። ገዢው መንግሥት ለፋብሪካው የእያንዳንዱን ክፍል ንድፍ፣ የሚፈቀደውን የልኬት ስሕተት፣ የብረቱን ዓይነትና የጥንካሬ መጠን፣ የዝገት መከላከያ ቅቡን፣ የሚደረጉትን ፈተናዎች፣ ከእያንዳንዱ የምርት ክምችት ስንቱ ተመርጦ እንደሚፈተን ጭምር ጽፎ ይሰጣል። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ምርቱን ይመረምራል፤ ያለፈውን ይመታበታል፣ ያላለፈውን ይመልሳል። በጠመንጃ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ማኅተሞች አብዛኞቹ የዚህ ቁጥጥር አሻራዎች ናቸው።

ፈተናዎቹ የጦር ሜዳን ፍላጎት የተከተሉ ናቸው። ጠመንጃው ከመደበኛው በላይ ግፊት ባለው ጥይት ይተኮሳል። እንደ መቀርቀሪያ ያሉ ዋና ዋና ክፍሎች በዓይን የማይታይ ስንጥቅ እንዳይኖርባቸው ይመረመራሉ። ናሙናዎች በሺህ የሚቆጠር ጥይት ተኩሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚያንቁ ይመዘገባል፤ በአሸዋ፣ በጭቃና በብርድም ይሞከራሉ። የብዙ ጠመንጃዎች ክፍሎች ተፈትተውና ተደባልቀው እንደገና ሲገጠሙ ያለ ሞረድ መሥራት አለባቸው። ይህ የመጨረሻው ምናልባት ከሁሉም በላይ ወታደራዊውን ደረጃ የሚለየው ነው። አንድ ጦር አሥር የተሰበሩ ጠመንጃዎችን ፈትቶ ሰባት ደኅና ጠመንጃዎችን መግጠም መቻል አለበት፤ የቤት ባለቤት ግን ይህ አያስፈልገውም።

ስለ ዒላማ ትክክለኛነት የሚሰጠው ግምት ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። ወታደራዊ ደረጃ የሚጠይቀው ጥይቶች ከተወሰነ ክብ እንዳይወጡ ነው፤ ያም ክብ አንድ ጥሩ የአደን ጠመንጃ ከሚያስመዘግበው ሰፊ ነው። የጦር ጠመንጃ የሚመረጠው ቆሽሾም፣ ተጥሎም፣ በቂ ሥልጠና በሌለው ሰው እጅም ቢሆን ሳያቋርጥ እንዲተኩስ ነው። ክላሽንኮቭ በዚህ ረገድ ዓይነተኛው ምሳሌ ነው። ክፍሎቹ በመጠኑ ላላ ብለው መሠራታቸው ቆሻሻን እንዲችል ያደርገዋል፤ ይኸው ባሕርይው ግን ከጥብቁ የአደን ጠመንጃ ጋር በትክክለኛነት እንዳይወዳደር ያደርገዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ደረጃው የሚመሰክረው መሣሪያው ከፋብሪካ ስለወጣበት ቀን ብቻ ነው። የሠራዊት ጠመንጃ በየጊዜው የሚመረምረው ባለሙያ፣ ያለቀውን ጸደይ የሚተካ መጋዘን፣ አፈሙዙ ሲያረጅ የሚያወርደው የአሠራር ደንብ አለው። ከግምጃ ቤት ወጥቶ ሠላሳ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ የተዘዋወረ ጠመንጃ እነዚህን ሁሉ አጥቷል። ማኅተሙ እንዳለ ቢሆንም ማኅተሙ የመሰከረለት ጠመንጃ ላይኖር ይችላል።

የሲቪል ጠመንጃም ደረጃ አለው

“የሲቪል” የሚለው ቃል በብዙዎች ዘንድ ደካማ ወይም አስመስሎ የተሠራ ማለት ይመስላል። ይህ ትክክል አይደለም። በአውሮፓ የሲቪል ጠመንጃ የሚፈተንበት ሥርዓት ከብዙ አገሮች መደበኛ ሠራዊት ይልቅ የቆየ ነው። በቤልጅግ አገር የሊዬዥ የጠመንጃ መፈተኛ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1672 ነው፤ የእንግሊዙ የበርሚንግሃም መፈተኛ ቤት በ1813 በፓርላማ ሕግ ተመሥርቷል። እ.ኤ.አ. በ1914 መነሻውን ሊዬዥ ላይ ያደረገውና ሲ.አይ.ፒ. በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን የጥይት ልኬቶችንና የግፊት ወሰኖችን ለአባል አገሮች አንድ አድርጓል። በእነዚህ አገሮች ለሲቪል የሚሸጥ እያንዳንዱ ጠመንጃ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ከተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በ25 በመቶ በሚበልጥ ጥይት ተፈትኖ መመታት አለበት። ለምሳሌ ለክላሽ ጥይት የተወሰነው ከፍተኛ ግፊት 3,550 ባር ሲሆን ይህም ከከባቢ አየር ግፊት ከ3,500 እጥፍ በላይ ነው። ተኳሹ ጉንጩን አስጠግቶ የሚይዘው ብረት ይህን በእያንዳንዱ ተኩስ መሸከም ይኖርበታል። በአሜሪካ ተመሳሳዩን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1926 የተቋቋመው የአምራቾች ማኅበር ሲያከናውን፣ በዚያ አገር ግን ደረጃው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው።

የሁለቱ ዓለማት ድንበር የሚታሰበውን ያህል የተለየም አይደለም። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጡ ብዙዎቹ የአደን ጠመንጃዎች በመቀርቀሪያቸው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1898 ለጀርመን ጦር የተነደፈውን ማውዘር ይከተላሉ። በአገራችን እንዲህ ያሉ ጠመንጃዎች በአብዛኛው የሚታዩት በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ለስፖርት አደን በሚመጡ የውጭ አገር አዳኞች እጅ ነው። አንድ በአንድ የሚተኩስ፣ በእጅ የሚቀረቀር ጠመንጃ ስለሆነ ብቻ ከክላሽ ያነሰ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ የብዙዎቹ ጥይት ከክላሹ ጥይት እጅግ የበለጠ ኃይል አለው።

ከጋፋት እስከ ክላሽ

በጣና ዙሪያ ያለው ታሪክ የደረጃን ትርጉም ከማንኛውም መጽሐፍ በተሻለ ያስረዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አሰባስበው ትልቁን መድፍ ሴባስቶፖልን አሠርተዋል። ወደ ሰባት ቶን የሚገመተው ይህ መድፍ እ.ኤ.አ. በ1868 እስከ መቅደላ በሰው ኃይል ተጎትቷል። ብረት አቅልጦ አንድ ግዙፍ መሣሪያ ማፍሰስ ተችሏል ማለት ነው። ሺህ ጠመንጃዎችን አንዱ ከሌላው ሳይለይ መሥራት ግን መለኪያ፣ የማምረቻ ማሽንና ወጥ የሆነ ብረት ይጠይቃል። በዚያው ዓመት መቅደላ የደረሰው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ከኋላ የሚጎርሰው ስናይደር የዚያ ዓይነት ፋብሪካ ውጤት ነበር፤ ስናድር የሚለው ቃልም በአማርኛ የቀረው ከዚሁ ነው። በኋላ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በጋፋት ስም መሰየሙ የዚያ ሙከራ መታሰቢያ ነው።

ሌሎቹም ስሞች እንዲሁ ትውልዳቸውን ይናገራሉ። ውጅግራ የፈረንሳዩ የ1874 ሞዴል ግራ ነው፤ ምንሽር ከማንሊኸር፣ ቤልጅግ ደግሞ ከተሠራበት አገር ስም መጥቷል። እነዚህ ጠመንጃዎች በጎንደርና በጎጃም ቤቶች በቅርስነት ተጠብቀው ይገኛሉ። ስለ እነርሱ አንድ ቴክኒካዊ ማሳሰቢያ አስፈላጊ ነው። ውጅግራ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጭስ አልባው ባሩድ በጦር ጠመንጃ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1886 በፈረንሳዩ ለበል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የጥይት ግፊት በእጅጉ ጨምሯል። የጥቁር ባሩድ ዘመን ጠመንጃን በአዲስ ባሩድ በተሞላ ቀለህ መተኮስ፣ ቀለሁ ቢገጥምለት እንኳ፣ ጠመንጃውን በተኳሹ ፊት ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። በዘመኑ የወታደር መሣሪያ የነበረና ደረጃውን ያሟላ መሆኑ ከዚህ አያድነውም፤ ያሟላው የራሱን ዘመን ደረጃ ነውና።

በ1920ዎቹ ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከቤልጅጉ ኤፍ.ኤን. ፋብሪካና ከጀርመኑ ማውዘር ጠመንጃዎችን አስገዝቷል። በአንዳንዶቹ ላይ የሞዓ አንበሳና የንጉሠ ነገሥቱ የስም ምልክት ተቀርጾ ይገኛል። ይህ ምልክት መሣሪያው የኢትዮጵያ መንግሥት ንብረት እንደነበረ ያሳያል፤ ስለዚህም እንዲህ ያለው ጠመንጃ ዛሬ በታሪካዊ ቅርስነቱ የሚበልጥ ዋጋ አለው። ሰደፉን ቆርጦ ወይም ምልክቱን ፍቆ “ማደስ” ቅርስን ማጥፋት ነው።

ከጣልያን ወረራ በኋላ የጣልያን ጠመንጃዎች፣ ከ1945ቱ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ስምምነት በኋላ ጋራንድን የመሳሰሉ የአሜሪካ መሣሪያዎች፣ ከ1969–1970 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሶቭየት መሣሪያዎች ተከታትለው ገቡ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ብዙ ክላሽ ወደ ገጠሩ ተሰራጨ። ዛሬ “ኦርጅናል የወታደር” የሚባለው ጠመንጃ ትውልዱ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመዘዛል።

“7.62” የሚለው ቁጥር

ገዢዎችን ከሚያሳስቱ ነገሮች ሁሉ የተለመደው የጥይት ስም ነው። 7.62 የሚለው ቁጥር የአፈሙዙን የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር የሚገልጽ እንጂ የጥይቱን ዓይነት የሚለይ አይደለም። የክላሽና የሲሞኖቭ ጥይት የቀለሁ ርዝመት 39 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 በሩሲያ ሥራ ላይ የዋለውና ዛሬም በድራጉኖቭና በመትረየስ የሚተኮሰው ጥይት ቀለሁ 54 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግርጌው ዘርፍ አለው። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተቀበሉት ደግሞ 51 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱም 7.62 ይባላሉ፤ አንዱ ለሌላው ግን አይሆንም።

ከዚህ የረቀቀ ልዩነትም አለ። የምዕራባውያኑ 5.56 የወታደር ጥይትና 223 የሚባለው የሲቪል ጥይት በውጭ መልካቸው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። የጠመንጃዎቹ የጥይት ጎሬ ግን፣ በተለይም እርሳሱ ወደ አፈሙዙ ጥርስ የሚገባበት ስፍራ፣ በተለያየ ልክ የተቦረቦረ ነው። የወታደሩን ጥይት በጠባቡ የሲቪል ጎሬ መተኮስ ግፊቱን ከወሰን በላይ ሊያደርሰው ይችላል። የሲቪልና የወታደር ደረጃ ልዩነት በተግባር ጉዳት የሚያመጣው እንዲህ ባለ፣ በዓይን በማይታይ ቦታ ላይ ነው። በጠመንጃው ላይ የተጻፈው የጥይት ስም ከጥይቱ ካርቶን ጋር ቃል በቃል የማይገጥም ከሆነ አለመተኮስ ነው።

ምልክቶችን ማንበብ

በሕግ የሚተላለፍ መሣሪያ አምራቹን፣ የተሠራበትን አገርና መለያ ቁጥሩን የሚያሳይ ምልክት ሊኖረው ይገባል። በክላሽ ላይ የሩሲያው ኢዠቭስክ ፋብሪካ ምልክት በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ ቀስት ነው፤ የቱላ ፋብሪካ ኮከብን ይጠቀማል። ቻይና ሠራሹ ሞዴል 56 በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለው። የሮማንያው ምልክትም በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀስት በመሆኑ ከኢዠቭስኩ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ መወሰን አይገባም። በተኩስ መምረጫው አጠገብ ያሉት ፊደሎች፣ ማለትም የሩሲያ፣ የላቲን ወይም የቻይና መሆናቸው፣ ከፋብሪካው ምልክት ጋር ይስማሙ እንደሆነ ማየት ይረዳል።

በዋናው አካል፣ በመቀርቀሪያው፣ በመቀርቀሪያው ተሸካሚና በላይኛው ክዳን ላይ ያሉት ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ጠመንጃው ከፋብሪካ እንደወጣ መቆየቱን ያመለክታሉ። የተለያዩ ከሆኑ ከተለያዩ ጠመንጃዎች ተሰባስቦ የተገጠመ ነው። ይህ ሁልጊዜ አደገኛ ነው ማለት አይደለም፤ ከላይ እንደተገለጸው ወታደራዊ ክፍሎች የሚቀያየሩ ሆነው የተሠሩ ናቸው። መቀርቀሪያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ እንደሆነ ግን በመቀርቀሪያውና በጥይቱ ጎሬ መካከል ያለው ርቀት በባለሙያ መለኪያ መለካት አለበት። ርቀቱ ከሰፋ ቀለሁ ተቀዶ ትኩስ ጋዝ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ዓይን ይመለሳል።

ፊደሎቹ ያልተስተካከሉ፣ ጥልቀታቸው የተለያየ፣ ከሥራቸው ያለው ብረት የተሞረደ ወይም ቅቡ ከሌላው የተለየ ከሆነ፣ ምልክቱ በኋላ በእጅ የተመታ ስለመሆኑ ጥርጣሬ ሊነሣ ይገባል። በዓለም ላይ በእጅ የሚሠሩና የታወቁ ፋብሪካዎችን ምልክት አስመስለው የሚመቱ ጠመንጃዎች ብዙ ናቸው፤ በፓኪስታን የዳራ አዳም ኼል መንደር በዚህ ሥራው ለዘመናት ይታወቃል። ከውጭ ሲታዩ ብዙዎቹ ያምራሉ። ችግሩ ያለው የብረቱ ዓይነትና የሙቀት አያያዙ የሚታወቅበት መንገድ ባለመኖሩ ነው። ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ ሲቀርብ ግን ስለ ጥራቱ መነጋገር አያስፈልግም፤ መሣሪያው ሊመዘገብ የማይችል፣ ምናልባትም የወንጀል ማስረጃ የሆነ ነው። አንድ በአንድ ብቻ እንዲተኩስ የተሠራን ጠመንጃ ወደ ተከታታይ ተኩስ “አስለውጫለሁ” የሚል ሻጭ ከቀረበ እንዲሁ ግዢውን መተው ይገባል። እንዲህ ያለው መሣሪያ መቀርቀሪያው ሳይዘጋ ሊተኩስ ይችላል፤ በሕግም ሌላ ምድብ ውስጥ ይገባል።

የሐይቁ እርጥበትና የጦር ጥይት

ደልጊ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከሐይቁ አፍ ላይ የተቀመጠች ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ነው፤ በበጋም የማለዳው የሐይቅ ጤዛ ብረትን ያረጥባል። እዚህ ላይ የወታደርና የሲቪል ጥይት ልዩነት ተግባራዊ ይሆናል። ብዙዎቹ አሮጌ የምሥራቅ አገሮች የጦር ጥይቶች መለኮሻቸው በተተኮሰ ቁጥር በአፈሙዙ ውስጥ ጨው የሚያስቀር ቅመም አለው። የሠራዊት ጥይት ለረጅም ጊዜ በመጋዘን እንዲቆይ ስለሚፈለግ ይህ ቅመም ተመርጦ ነበር፤ ዘመናዊ የሲቪል ጥይት ግን በአብዛኛው ከዚህ ነጻ ነው። የቀረው ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ብረቱን ይበላል።

ጨውን ዘይት አያሟሟውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥይት የተተኮሰበት ጠመንጃ በመጀመሪያ በሙቅ ውኃ ተጠርጎ፣ ፈጽሞ ደርቆ፣ ከዚያ በኋላ ዘይት ሊቀባ ይገባል። የክላሽ አፈሙዝ ብዙ ጊዜ ውስጡ ክሮም የተቀባ በመሆኑ ይጠበቃል፤ ጋዝ የሚያልፍባቸው ሌሎች ክፍሎች ሁሉ ግን እንደዚያ አይደሉም። ገዢ አፈሙዙን ብቻ አይቶ “ንጹሕ ነው” ከማለት ይልቅ የጋዝ ቱቦውንና የመቀርቀሪያውን ፊት ለማየት መጠየቅ አለበት። በተዘጋ የቆዳ አፎት ውስጥ ክረምቱን ያሳለፈ ጠመንጃም ከላዩ ያብረቀርቅ እንጂ ከእንጨቱ ሥር የዛገ ሊሆን ይችላል፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛልና።

ጥይትን በሚመለከት፣ ቀለሁ አረንጓዴ ዝገት ያበቀለ፣ እርሳሱ የተነቃነቀ ወይም በጉድጓድ ተቀብሮ የወጣ ጥይት በምንም ዋጋ አይገዛም። በጥቂቱ የተቃጠለ ባሩድ እርሳሱን መሀል አፈሙዝ ላይ ሊያቆመው ይችላል፤ የሚቀጥለው ተኩስ አፈሙዙን ይሰነጥቃል።

የጥይቱ መድረሻ

በሶቭየት የአጠቃቀም መመሪያ መሠረት የክላሽ ጥይት እስከ 1,500 ሜትር የመግደል ኃይሉን ሲይዝ እስከ 3,000 ሜትር ሊበርር ይችላል። ይህ የተሠራበት ዓላማ ውጤት ነው፤ ለመንጋ ጥበቃም ሆነ ለቤት የሚያስፈልግ ርቀት አይደለም። በሜዳማው የሐይቅ ዳርቻ ወደ ውኃ የተተኮሰ ጥይት በዝቅተኛ ማዕዘን ሲመታ አይሰምጥም፤ ተፈናጥሮ ዓሣ አጥማጆች በታንኳ ወዳሉበት ሊሄድ ይችላል። በሠርግና በክብረ በዓል ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም ተመልሶ የሚወርድበት ቦታ አለው። የወታደር ጠመንጃ ለግለሰብ የማይመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ባለቤቱ ከሚያየው ርቀት እጅግ አልፎ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ይሆናል።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ቁንዝላንና ደልጊን አልፎ ጎርጎራ በሚደርሰው ጀልባ የሚጓዝ ባለፈቃድ፣ ፈቃዱ መሣሪያውን ይዞ መንቀሳቀስን የሚጨምር መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። የሚጨምር ከሆነም ካዝናው የተነቀለ፣ ጎሬው ባዶ መሆኑ የታየ፣ ጥይቱ በሌላ ዕቃ የተያዘ መሆን ይኖርበታል።

ከክፍያ በፊት

ከላይ የተዘረዘሩት ምርመራዎች በሙሉ መሣሪያው ሊፈቀድ የሚችል መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጡ ናቸው። አመልካቹ በቅድሚያ የሻጩን ፈቃድና በፈቃዱ ላይ የሰፈረውን መለያ ቁጥር በጠመንጃው ላይ ካለው ጋር አሃዝ በአሃዝ ማመሳከር፣ ዝውውሩም በተቆጣጣሪው አካል ፊት እንዲፈጸም መጠየቅ አለበት። ሻጩ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ለመቅረብ ካልፈለገ ምክንያቱን መመርመር አያስፈልግም፤ ግዢው እዚያው ይቋረጣል። ጠመንጃውን የሚፈትሸው ሰው የሻጩ ወዳጅ ያልሆነ፣ መለኪያ ያለው የጦር መሣሪያ ጥገና ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል።

ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለቤት ስላልሆነ፣ ከአባት የቀረ ጠመንጃ በውርስነቱ ብቻ ለልጅ አይተላለፍም። ወራሹ መሣሪያውን ሳይሸሽግና ሳይሸጥ ለወረዳው ፖሊስ አሳውቆ በራሱ ስም ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ድንጋጌ የማይተኮሱ ለሚመስሉ አሮጌ ምንሽርና ቤልጅግ ጠመንጃዎች ባለቤቶችም እንደሚመለከታቸው እያስታወስን፣ መሣሪያውን ለማስመዝገብ ሲቀርቡ ጥይቱን አውጥተው በተለየ ዕቃ ይዘው እንዲመጡ እናሳስባለን።